ውለታ ለመዝጋት የቸኮልኩ ዕለት

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነበር፤ የፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት። ካዛንቺስ ከሚገኘው ቢሮዬ የወጣሁት ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነው። በሒሳብ ሙያ የሚተዳደር ሰው ሁሉ ነሐሴን ያውቃታል። መዝገቡ ሰኔ 30 ይዘጋል ይባላል እንጂ፣ የተዘጋው ሒሳብ ተስተካክሎ ለኦዲተር እስኪቀርብ ድረስ እንቅልፍ የለም። ትከሻዬ ላይ የኮምፒውተር ቦርሳ፣ በብብቴ ደግሞ ቤት ወስጄ ልጨርሳቸው ያሰብኳቸውን ሰነዶች የያዘ ክላሰር ነበር። ጃንጥላ አልያዝኩም፤ ጠዋት ስወጣ ፀሐይ ነበረች።

የታክሲው ሰልፍ ዘንድ ሳልደርስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ሰው ሁሉ ወደየሱቁ በረንዳ ሲሮጥ እኔ ክላሰሩን በሻርፕ ለመጠቅለል ስታገል ሜዳ ላይ ቀረሁ። ሰነዶቹ ቢረጥቡ ነገ ለአለቃዬ ምን እንደምል ነበር የማስበው። ያን ጊዜ ነው ከግራዬ በኩል «ነይ ልጄ፣ ነይ ግቢ!» የሚል ድምፅ የሰማሁት።

«ግቢ» ያሉኝ የበቆሎ እሸት የሚጠብሱ እናት ናቸው። የሚያስገቡበት ቤት ግን አልነበረም። አንድ ትልቅ ጃንጥላ፣ ከጃንጥላው ጫፍ ወደ አጥሩ የተወጠረ ላስቲክ፣ የከሰል ምድጃ፣ እሸት የተደረደረበት ጆንያ፣ እሳቸው የተቀመጡባት ዱካ፤ ያለው ይኸው ነው። ከዱካዋ ተነሥተው እኔን አስቀመጡኝና ራሳቸው የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡ። እሸቱን የሸፈኑበትን ላስቲክ አንሥተው ክላሰሬን ሸፈኑልኝ። ምድጃውንም ወደ እግሬ አስጠጉት፤ ሲያስጠጉት የጃንጥላው ጠርዝ ላይ ደርሶ ስለነበር በረዶው ከሰሉን ይመታው ጀመር። እሳቱ ግማሽ በግማሽ ጠፋ። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ምድጃውንም አልመለሱትም።

ግማሽ ሰዓት ያህል አብረን ተቀመጥን። ብዙ አላወራንም። በረዶ ባገራቸው እህል እንደሚመታ ነገሩኝ። «እናት አለችሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አለችኝ አልኩ። «እንኳን አለችልሽ» አሉና ከሰሉን በማራገቢያቸው ደበስ ደበስ አደረጉት።

ዝናቡ አባራ። ተነሣሁ፣ ልብሴን አራገፍኩ፣ ቦርሳዬን ከፈትኩና ሁለት መቶ ብር አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

«ይህ የምንድን ነው?»

«ስላስጠለሉኝ ነው እማማ።»

ብሩን ሳይሆን ፊቴን አዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልክ አንድ የማያውቁት ቋንቋ የተነገራቸው ሰው ይመስል ትንሽ ዝም አሉና፣ «ቤቴ ገብተሽ ብትቀመጪ ኖሮ ትከፍይኝ ነበር?» አሉኝ። ከዚያ ብሩን ከእጄ ወስደው አራት ላይ አጠፉት፣ ክላሰሬን ገለጥ አድርገው በወረቀቶቹ መካከል አስቀመጡት፣ ክላሰሩን መልሰው ሰጡኝ። ፊታቸውንም ወደ እሳቱ መለሱ።

እኔም ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ፣ ከመገናኛ በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ነገር ትዝ ሲለኝ ሆዴ ቁርጥ አለ። ሁለት መቶ ብር ለመስጠት የቸኮልኩት እኔ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላልኳቸውም ነበር።

ሁለት ረድፍ

በዚያ ዘመን የደግነት መዝገብ ነበረኝ። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ባረፉ ጊዜ ታሪካቸው በየቦታው እንደ አዲስ ተነገረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው በረሃብ ከሞተች እናቷ ጡት ላይ የነበረችውን ሕፃን ማንሣታቸው፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸውን ሙሉ የብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆነው መኖራቸው። እኔ የእሳቸውን ያህል አልችልም፤ በቀን አንዲት ትንሽ ነገር ግን አያቅተኝም ብዬ ቆረጥኩ። ለአዛውንት ወንበር መልቀቅ፣ ለጥበቃው ሻይ መግዛት፣ ለታመመ ባልደረባ መደወል፣ ታክሲ ውስጥ ሳንቲም ለጎደለው ሰው መሙላት። ማታ ማታ በትንሽ ደብተር እመዘግበው ነበር። ሙያዬ ነውና ገጹን ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ «የሰጠሁት»፣ በቀኝ «የተቀበልኩት»።

ያን ምሽት የእኒያን እናት ጃንጥላ በቀኝ በኩል ልጽፍ ደብተሩን ገለጥኩ። ወደ ኋላም ማገላበጥ ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በቀኙ ረድፍ የተጻፈው ሁሉ አጠገቡ አንድ ቃል አለው፤ ተከፍሏል። አንዲት ባልደረባዬ ሻይ ጋበዘችኝ፤ በማግሥቱ ምሳ ጋበዝኳት፤ ተከፍሏል። አንድ ሰው በመኪናው ሰፈሬ ድረስ አደረሰኝ፤ ነዳጅ አስሞላሁለት፤ ተከፍሏል። የጎረቤት ልጅ ዕቃ ተሸከመልኝ፤ ሃምሳ ብር፤ ተከፍሏል። በሥራዬ እንዲህ ያለ መዝገብ ባገኝ ደስ ይለኛል፤ ምንም የተንጠለጠለ ዕዳ የለም። በዚያ ሌሊት ግን ገጹን እያየሁ ብርድ ብርድ አለኝ። ማንም ሰው በእኔ ላይ ውለታ እንዲኖረው አልፈቀድኩም ነበር።

ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ሲጸልይ የማይዘላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረችው፤ «የሰው እጅ አታሳየኝ»። እሱ የጸለየው ልጆቹን ይዞ ደጅ እንዳይጠና ነው፤ ድህነትን የሚያውቅ ሰው ጸሎት ነው። እኔ ደመወዝተኛ ከሆንኩ በኋላም ጸሎቱን ይዤው ቀጠልኩ፤ ለእኔ ግን ትርጉሙ ሳላስተውለው ተለወጠ። ከማንም ምንም አለመቀበል ክብር መሰለኝ። መስጠት ደግሞ የክብሩ ማረጋገጫ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስል ደግሞ አንድ ሐሳብ ይሞግተኝ ነበር፤ አሁንም ይሞግተኛል። ለእኒያ እናት ሁለት መቶ ብር ትልቅ ገንዘብ ነው። እኔ ደረቅ ልብስ ወዳለበት ቤቴ ስሄድ እሳቸው እርጥብ ከሰል ላይ እፍ እያሉ ቀሩ። «ደግነትን በገንዘብ አትለኪ» ማለት ለጠገበ ሰው አይከብድም። ይህን ለአንዲት ጓደኛዬ ባጫውታት፣ «ዐሥር እሸት ገዝተሽ ብትሄጂ ኖሮ እሳቸውም ይሸጡ ነበር፣ አንቺም አታፍሪም ነበር» አለችኝ። ይህም ያው ክፍያ ነው፣ ልብስ አልብሰሽው ነው እንጂ ብዬ ተከራከርኳት። ዛሬ እውነቱ የእሷ ይመስለኛል። እሸት መግዛት ንግዳቸውን ማክበር ነው፤ በመጠለያው ላይ ዋጋ መለጠፍ ግን እንግዳ የተቀበለች እመቤትን አከራይ ማድረግ ነው። በሸክም የሚተዳደር ሰው ዋጋውን ሊከፈለው ይገባል፤ «ለጽድቅህ ነው» እያሉ ድካሙን መብላት ነውር ነው። እኒያ እናት ግን በዚያች ግማሽ ሰዓት ሻጭ አልነበሩም። እኔ ነኝ ነጋዴ ብቻ አድርጌ የመለስኳቸው።

የእናቴ ሳህን

በጥቅምት እናቴን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ዕቃ ቤት ስገባ መደርደሪያው ላይ የቤታችን ያልሆነ፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ሐረግ ያለው ሳህን አየሁ። የጎረቤት ነው፤ በዋዜማው ንፍሮ መጥቶበት ነበር። ወዲያው ተነሣሁ። አጥቤ፣ ከታች ብርቱካን ገዝቼ ሞልቼ ልመልሰው ነው አልኳት። የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁና።

«ተይው» አለች እናቴ። «ገና ትናንት የመጣ ነው። ዛሬውኑ ብመልስላት ‹ዕዳሽን ውሰጂ› ማለቴ አይደለም ወይ? ይቆይ። ዳቦ የደፋሁ ቀን እልክላታለሁ።»

ይህን ስትል እጇ ምስር ይለቅም ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ። ለእሷ የሚብራራ ነገር አይደለም። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሬ ሳህን ባዶ እንደማይመለስ ተምሬ፣ ሳህን ወዲያው እንደማይመለስ ግን ሳልማር ወጥቻለሁ። ሳህኑ በመደርደሪያው ላይ በሚቆይባቸው ቀናት ሁለቱ ሴቶች በአንድ ነገር ተያይዘው ይሰነብታሉ። አንዷ «ሳህኔ እሷ ዘንድ ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ዳቦ ልደፋላት ይገባኛል» ትላለች። መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታው በታች ያ ሳህን አለ። እኔ እንዳሰብኩት ብርቱካን ተሞልቶ በዚያው ቀን ቢመለስ፣ ክፍያው ይፈጸማል፣ ክሩም ይበጠሳል።

ያን ቀን ምሽት ስለ ድሮው ጠየቅኳት። ክብሪት እንዲህ እንደልብ ሳይሆን፣ በእሷ ልጅነት፣ እሳት የጠፋባት ሴት ልጇን ወደ ጎረቤት ትልካለች፤ ልጅቷ በገል ፍም ጭራ ትመለሳለች። እሳት የሰጠ ሰው ስንት ፍም እንደሰጠ አይቆጥርም፤ ምድጃው እንደሆነ አይጎድልም። ግን መቁጠርንም አያውቁም ማለት አይደለም። ወንፈል አለ፤ ዛሬ በእኔ ማሳ አንድ ቀን ከዋልክ ነገ በአንተ ማሳ አንድ ቀን እውላለሁ፣ ቀን ለቀን ይሰላል። ደቦ ደግሞ አለ፤ አዝመራው የበዛበት ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ አገሩን ይጠራል፤ የመጣው ሁሉ አጭዶ፣ በልቶ፣ ዘፍኖ ይሄዳል፤ እገሌ ስንት ነዶ አሰረ የሚል የለም። ሁለቱን ለይተው ያውቁ ነበር። እቁብ በሳንቲም ይቆጠራል፤ መቆጠርም አለበት። የእኔ ጥፋት መቁጠሬ አይመስለኝም። ደቦ በተጠራበት ወንፈል ይዤ መሄዴ ነው።

ይስጥልኝ

ከዚያ በኋላ ነው በታክሲ ውስጥ ሆዴን የቆረጠኝን ቃል ደጋግሜ ያሰብኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በቀን ስንት ጊዜ እንላታለን! ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ይስጥ፣ ልኝ። ስለ እኔ፣ በእኔ ፈንታ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ይህን የሚል ሰው «እኔ ልከፍልህ አልችልም፣ ልከፍልህም አልሞክርም፤ ያደረግህልኝን ለሚበልጠኝ አስተላልፌዋለሁ» እያለ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቼ «ጀዛከላሁ ኸይር» ይላሉ፤ አላህ መልካሙን ይመንዳህ ማለት ነው። ሁለቱም ምስጋናዎች ተቀባዩን ከከፋይነት አውጥተው እጁን ባዶ እንደሆነ ይተዉታል። ባዶ እጅ ይዞ በሰው ፊት መቆም ነው እኔን ያቃተኝ።

ይህን ካየሁ በኋላ ሌሎቹ ቃሎቻችንም ጎልተው ታዩኝ። ሰው ተደናቅፎ ሲወድቅ «እኔን!» እንላለን፤ እኔን ይድፋኝ፣ እኔ በሆንኩ። ለማናውቀው መንገደኛ! ገበታ ላይ ሆነን ሰው ሲገባ «እንብላ» እንላለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የገባው ሰው አይበላም፣ ግን ሳይጠሩት ቢቀር ይሰማዋል። አያቶቻችን ታላቅ ሲገባ ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ፤ ገቢውም «በእግዚአብሔር!» እያለ ያስቀምጣቸዋል። እነዚህ ሁሉ ሳንቲም አያወጡም፤ የሚጠይቁት ፊትን ነው። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲባል እኔ ሁልጊዜ ስለ ጋባዡ ፊት ይመስለኝ ነበር። የበቆሎዋ እናት የተጎዱት ግን በተጋባዥዋ ፊት ነው። ጎንበስ ብሎ ቦርሳ ውስጥ ብር በሚፈልግ ፊት።

ሄጄ ያችን ቃል ልነግራቸው ወሰንኩ። ቦታው ላይ ስደርስ ጃንጥላው የለም። የእሸት ወቅት አልፎ ነበር። በአካባቢው የነበረች ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ክረምት ሲመጣ እንደሚመለሱ ነገረችኝ። እስከ ክረምት ድረስ ቃሉን አፌ ውስጥ ይዤ ከረምኩ ማለት እችላለሁ።

ሃያ ሊትር

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም፤ ውኃው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ሲዛነፍ ከምድር ቤቱ ሮቶ በጀሪካን እንቀዳለን። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ግን ኪሎው የሚጨምር ይመስላል። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ሱቅ ያላቸው አንዲት እናትና ወጣት ልጃቸው ናቸው። ልጁ ገና እንደገባሁ ሰሞን «እትዬ፣ ይስጡኝ፣ እኔ ላውጣልዎት» ይለኝ ነበር። ወይ «እችላለሁ» እለዋለሁ፣ ወይ አሸክሜው ሃምሳ ብር እሰጠዋለሁ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ መጠየቁን ተወ። በደረጃው ስንተላለፍ ሰላም ብሎኝ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። እኔም ጨዋ ልጅ ነው እያልኩ አልፈዋለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ መጋቢት 2። በዚያ ሳምንት ውኃ ጠፋ። ጀሪካኔን ሞልቼ አንደኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ሳርፍ ልጁ ወደ ላይ ሲወጣ አገኘኝ። እሱ በጾም፣ እኔ በጾም። እንደልማዱ ሰላም ብሎ ሊያልፍ ሲል፣ «ልጄ፣ እስኪ አግዘኝ» አልኩት። እንዲህ ብዬ ሰው ጠይቄ አላውቅም፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ጀሪካኑን አንሥቶ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወጣ። በሬ ላይ ስደርስ እጄ ወደ ኪሴ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት። «ኧረ ምን አደረግኩ!» አለኝ፣ ፊቱ በራ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውኃ ሲመጣ በሬን አንኳኩቶ «መጥቷል» ይለኛል።

ሚያዝያ 2 ቀን፣ በዒድ አል ፈጥር፣ እናቱ በሳህን ሳንቡሳ ላኩልኝ። በጾም መሆኔን አስበው የምስር ነው ያደረጉት። በቀደሙት ዓመታት የላኩልኝን ሳህን ሁሉ ገና ሳይቀዘቅዝ ብርቱካን ወይም ሙዝ ሞልቼ በዚያው ቀን እመልስ ነበር። በዚያ ዓመት ግን መደርደሪያዬ ላይ አስቀመጥኩት። አልዋሽም፣ ከበደኝ። ዕቃ ቤት በገባሁ ቁጥር ያየኛል። ከፋሲካ በኋላ ዳቦ ደፍቼ እስክልከው ድረስ ግን ከእሳቸው ጋር የነበረን ሰላምታ እየረዘመ ሄደ።

በሐምሌ አንድ ማታ በሬ ተንኳኳ። ልጁና እናቱ ናቸው፤ በእጃቸው አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘዋል። የሱቁ ግብር ነው። በጊዜው የደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነበሩና እስከ ሐምሌ 30 ማሳወቅና መክፈል ነበረባቸው። የቀን ገቢ ግምቱ ስለበዛባቸው ምን ማድረግ እንደሚችሉ አያውቁም፤ እናትየው ቢሮ መግባቱን ራሱ ፈርተውታል። ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ ዘርግተን እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ተቀመጥን። ለእኔ በየቀኑ የምሠራው ሥራ ነው፤ ለእነሱ እንቅልፍ ያሳጣ ነገር ነበር። በማግሥቱ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ቅሬታቸው ታየላቸው። ስንመለስ እናትየው «ጀዛኪላሁ ኸይር» አሉኝ።

በደረጃው ስንወጣ ልጁን አንድ ነገር ጠየቅኩት። ይህ ችግር አምናም ነበረባችሁ፣ ካቻምናም ነበረባችሁ፤ የሒሳብ ሠራተኛ መሆኔን ታውቃላችሁ፤ በራችን ፊት ለፊት ነው፤ ለምን አልመጣችሁም?

ጀሪካን ባይኖርም እንደልማዱ ሁለት ደረጃ ቀድሞኝ ነበር። ቆመና ዞረ። «እርስዎ እኮ ከሰው ምንም አይወስዱም» አለኝ። «እንዴት ብለን እንጠይቅዎት?»

ሦስት ዓመት! እኔ በየቀኑ አንድ በጎ ነገር ስፈልግ፣ በከተማው ውስጥ ሻይ የምገዛለት ሰው ስፈልግ፣ በስድስት እርምጃ ርቀት ላይ እኔ የማስፈልጋቸው ሰዎች ነበሩ። ያገዳቸው ድህነታቸው አልነበረም። የእኔ ንጹሕ መዝገብ ነው። ከእነሱ ወስጄ ስለማላውቅ ከእኔ መውሰድ ልመና ሆኖ ታያቸው። የጀሪካኑ ውለታ ባይኖርብኝ ኖሮ ያች ፌስታል በሬን ባላለፈች ነበር። አበበች ጎበና ወደ ግሸን ሲሄዱ ደግነት ልሥራ ብለው አልወጡም፤ ሊሳለሙ ነው የወጡት። እኔ ግን ከታሪካቸው የወሰድኩት የተሠራውን ሥራ ብቻ ነበር፤ መንገድ ላይ ላገኙት ነገር ክፍት ሆነው መሄዳቸውን ዘልዬዋለሁ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ የበቆሎ እሸት ሲወጣ ወደ ቦታው ደጋግሜ ሄድኩ። ሌሎች ሴቶች እሸት ይጠብሱ ነበር፤ እሳቸው የሉም። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውምና ጠይቄ ላፈላልጋቸው እንኳ አልቻልኩም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም ቦታዎች ሄደ፤ አጥሩም፣ ሱቆቹም፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅም የሉም። ዛሬ በዚያ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ። በዚያ ሳልፍ ቆም እልና ቃሏን ቀስ ብዬ እላታለሁ። ሁለት መቶ ብሯ አሁንም አራት ላይ እንደታጠፈች በክላሰሩ ውስጥ አለች፤ ላወጣት አልቻልኩም። በደብተሬ ቀኝ ረድፍ ላይ «ጃንጥላ፣ ነሐሴ 2015» ብዬ ጽፌያለሁ፤ አጠገቡ ምንም አልጻፍኩም።

የፊት ለፊቷ ጎረቤቴ ባለፈው ዓርብ ደግሞ ቂጣ ልከውልኛል። ሳህኑ መደርደሪያው ላይ ነው። ዛሬ ዱቄት አቡክቼ ነበር፤ ግን ገና ሦስት ቀኑ ነው። እስከ እሑድ ይቆይ።